የዒልም ካዝና ሲዘጋ ማን ይከፍላል? ከግብጽ ታሪክ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወንድማችን ስልኩን ሲነካካ ቆየና ጠየቀን። «ኡስታዝ፣ አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለሕክምና ምርምር የሚሰጠውን ገንዘብ ቆረጠ ይላሉ። ታዲያ ይሄ የፕሮፌሰሮች ጣጣ አይደል? ተራው ሰው ምን ይሆናል ብለው ነው እንዲህ የሚጮኹት?» አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ቀና አለ። የእሱ እህት በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ መረጃ ትመዘግብ ነበር። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ ሀገራችን ውስጥ ኮንትራታቸው ከተቋረጠባቸው የጤና ሠራተኞች አንዷ ናት። «ተራው ሰው ማለት የእኛ ቤት ነው» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስለ አሜሪካ በጀት የምንተነትነው ነገር የለንም። ነገር ግን የወንድማችን ጥያቄ ከዛሬ አንድ መቶ ሰባ ዓመት በፊት በሙስሊሙ ዓለም እምብርት፣ በግብጽ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱን ዛሬ ቁጭ ብለን ማንበብ እንችላለን። እዚያ መንግሥት ለሕክምናና ለትምህርት ካዝናውን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሐበሻ ምድር ተሸጠው የሄዱ ሴት ልጆችም አሉበት። ረዘም ይላልና ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከካዝናው በፊት ወቅፍ ነበር

በቀደመው ዘመን ሕክምና የሚተዳደረው በዋናነት በወቅፍ ነበር። ሱልጣን አል-መንሱር ቀላውን በ1284 ካይሮ መሀል ያሠራው ቢማሪስታን፣ ማለትም የዚያ ዘመን ሆስፒታል፣ የራሱ ቋሚ ገቢ ተመድቦለት ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ያክም ነበር። ሱልጣን ሲሞት፣ ሥርወ መንግሥት ሲለወጥ፣ ቢማሪስታኑ አልተዘጋም። ምክንያቱም ገንዘቡ በሱልጣኑ ኪስ ውስጥ አልነበረም።

በ1805 ግብጽን የያዘው ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ (ቦክሰኛውን አላልንም) ይህን ለወጠው። ከ1809 ጀምሮ በወቅፍ መሬቶች ላይ ግብር ጣለ፤ ቀጥሎም ብዙውን መሬት ወደ መንግሥት ጠቀለለው። ይህን ከነምሬቱ መዝግበው ያቆዩልን ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። ስማቸው እንደሚመሰክረው ዘራቸው የሚመዘዘው ከእኛው ቀጠና፣ ከዘይላዕ ወደ ውስጥ ካለው የጀበርት ምድር ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በአል-አዝሀር የጀበርቶች ሪዋቅ ኃላፊዎች ነበሩ። አባታቸው ሸይኽ ሐሰንም የሒሳብና የፈለክ ዓሊም ነበሩ። ጀበርቲ ፓሻውን አይወዱትም፤ ጽሑፋቸውም አይደብቀውም።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ፓሻው ከመምጣቱ በፊትም ብዙው ወቅፍ በአስተዳዳሪዎቹ ተበልቶ ነበር። ፈረንሳዮች በ1798 ካይሮ ሲገቡ የቀላውን ቢማሪስታን ያገኙት ጥቂት ሕሙማን የተኙበት፣ መድኃኒት የሌለው፣ የተጎሳቆለ ቤት ሆኖ ነው። ስለዚህ «የነበረን ሁሉ ጥሩ ነበር፣ መጥተው አበላሹት» የሚለው ዘፈን አያስኬደንም። የተለወጠው ነገር ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ የግብጽ ሕክምና ገንዘቡም፣ ትምህርቱም፣ መድኃኒቱም በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ገባ።

አቡ ዘዕበል

ፓሻው አዲስ ጦር እየገነባ ነበር። ገበሬውን እያፈሰ ወደ ጦር ሰፈር ሲያስገባ ወታደሩ ከጠላት ጥይት በፊት በበሽታ ማለቅ ጀመረ። ስለዚህ አንቷን ክሎት የሚባል ሐኪም ከማርሴይ አስመጣ፤ በኋላ ቤይ የሚል ማዕረግ ስላገኘ ታሪክ ክሎት ቤይ ይለዋል። በ1825 መጣ። በ1827 ከካይሮ በስተሰሜን አቡ ዘዕበል በሚባል ቦታ፣ ከጦር ሆስፒታሉ ጎን የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ወደ መቶ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ከአል-አዝሀር የተወሰዱ ደረሶች ነበሩ። ትናንት ነሕውና ፊቅህ ሲቀሩ የነበሩ ልጆች ማለት ነው።

አስተማሪዎቹ ዐረብኛ አያውቁም፣ ተማሪዎቹ ፈረንሳይኛ አያውቁም። መሀል ላይ አስተርጓሚ ይቆማል። የተተረጎመውን ጽሑፍ ደግሞ የአል-አዝሀር ሸይኾች ቋንቋውን ያቃናሉ። ከእነዚህ አራሚዎች አንዱ ዳርፉርን ዞረው የጻፉት ሸይኽ ሙሐመድ ኢብኑ ዑመር አት-ቱኒሲ ነበሩ። እንዲህ ተደርጎ በዐረብኛ የተዘጋጀው የሕክምና መጽሐፍ በቡላቅ ማተሚያ ቤት ይታተማል። በየመድረሳችን የምንቀራቸው ኪታቦች ስንቶቹ ካይሮ እንደታተሙ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የዚያ ሁሉ ኅትመት በር ከፋቹ በ1820 ገደማ የተቋቋመው ይህ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ነው።

ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። ሬሳ ከፍቶ መማር ከባድ ነገር ነበር። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ማመልከቻ የሚሰጥ መስሎ ወደ ክሎት ቤይ ተጠግቶ በጩቤ ሊወጋው ሞከረ፤ ሰውየው በክንዱ መክቶ ተረፈ፣ ያስጣሉትም ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው። በሌላ በኩል በ1830ዎቹ መጀመሪያ የአል-አዝሀር ሸይኽ የሆኑት ሐሰን አል-ዐጧር ሕክምናንና ፈለክን የሚወዱ፣ ደረሶቻቸውንም ወደዚያ የሚገፉ ዓሊም ነበሩ። ደረሳቸው ሸይኽ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊ በ1826 ወደ ፓሪስ ለተላኩት ተማሪዎች ኢማም ሆነው እንዲሄዱ ያሳሰቡት እርሳቸው ናቸው። ሪፋዓ የተላኩት ሊያሰግዱ ነው። በ1831 ሲመለሱ ግን ትልቅ ተርጓሚ ሆነው ተመለሱ፤ በ1835 ለተከፈተው የቋንቋዎች ትምህርት ቤትም መሪ ሆኑ። ኢማም ሆኖ ሄዶ ሳይንስ ተሸክሞ መመለስ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ስናስበው እኛን በግላችን ደስ ይለናል፤ ይቅር በሉን።

ከሐበሻ የተሸጡት ሐኪሞች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በዚያ ዘመን ግብጽ ውስጥ ሕፃናትን ከሁሉ በላይ ይጨርስ የነበረው ፈንጣጣ ነው። የሞተው ሞቶ የተረፈው ፊቱ ተበሳስቶ ወይም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀራል። ክትባቱ ታውቋል፤ ከአንድ ሕፃን ክንድ ፈሳሹ ተወስዶ ወደ ሌላው ሕፃን ክንድ ይተላለፋል። ችግሩ የሚከትበው ማን ነው የሚለው ነበር። መንግሥት በየመንደሩ ያሉ ፀጉር አስተካካዮችን አሠልጥኖ ላከ። እናቶች ግን ልጆቻቸውን ደበቁ። ለምን? ክንድ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ልጁ ሲያድግ ለውትድርና የሚታፈስበት ምልክት ነው ብለው ፈሩ። ጅልነት አይምሰላችሁ። ከውትድርና ለመትረፍ ሰው የራሱን ጣት በሚቆርጥበት፣ የራሱን ዓይን በሚያጠፋበት ሀገር የመንግሥት እጅ ልጇን ሲነካ እናት መፍራቷ ይፈረድባታል?

ደግሞ ሴት ስታምጥ፣ ሴት ስትታመም፣ ወንድ ሐኪም እንዴት ይግባ? ሴት ሐኪም ያስፈልጋል ተባለ። በ1832 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪ ግን አልተገኘም፤ ሴት ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚልክ ቤተሰብ አልነበረም። መንግሥት ምን አደረገ? ወደ ካይሮ የባሪያ ገበያ ሰው ልኮ አሥር ልጃገረዶችን ገዛ። ከሐበሻና ከሱዳን የመጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ከዚህ ምድር ተነጥቀው፣ በረሃና ባሕር ተሻግረው፣ ገበያ ላይ የቆሙ ልጆች ናቸው። ማንም ምርጫ አልሰጣቸውም። መጀመሪያ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፣ ከዚያ ማዋለድ፣ መከተብ፣ መድኃኒት መቀመም፣ ቁስል ማከም። ትምህርቱ በጠቅላላው ስድስት ዓመት ነበር። ሲጨርሱ «ሐኪማ» ተባሉ። የመኮንን ማዕረግና ደመወዝ ተሰጣቸው፤ የሚያገቡትም በመንግሥት ሥር ያሉ ሐኪሞችን እንዲሆን ተደረገ። በኋላ የሙት ልጆችና የወታደር ልጆችም ተጨመሩበት። ለሴቶች ዘመናዊ የሕክምና ትምህርት በቀጠናው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሐበሾች ነበሩበት ማለት ነው። ይህን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ሐኪማዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ይከትባሉ። ፀጉር አስተካካዩን ያባረረች እናት ለሐኪማዋ በሩን ትከፍታለች። ድሃ ሴቶችን በነጻ ያክማሉ። ሴት ስትሞት የሞቷን ምክንያት መርምረው ይመዘግባሉ፤ ተደበደብኩ ወይም ተደፈርኩ የምትል ሴት ስትመጣም መርምረው ለፍርድ ቤት ቃል ይሰጣሉ። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ሐኪማ በአንድ ሰፈር መኖሯ ምን ማለት እንደሆነ አዋላጅ የሌለበት ቀበሌ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

በ1837 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ወደ ካይሮ ከተማ፣ ወደ ቀስር አል-ዓይኒ ተዛወረ። በ1840ዎቹ ደግሞ በካይሮ ሰፈሮች ውስጥ ነጻ የሕክምና ጣቢያዎች ተከፈቱ። ድሃው ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል፣ ቁስሉን ሊያሳሽግ፣ ልጁን ሊያስከትብ ይሄዳል። ለወታደር ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃው ወደ ሰፈር መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

መቁረጡ

የጉድጓዱ ችግር ግን መቆፈሪያው የጦሩ ገንዘብ መሆኑ ነው። በ1838 እንግሊዝና ዑስማኒያ በተፈራረሙት የንግድ ውል የፓሻው ንግድ በሞኖፖል መያዝ ሕገ ወጥ ሆነ፤ ገቢው ተመታ። በ1841 ደግሞ ኃያላኑ ተባብረው ከሶርያ አስወጡትና ሠራዊቱን ወደ 18,000 እንዲያወርድ አስገደዱት። ጦሩ ሲቀነስ ለጦሩ ተብለው የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ምን ይሠራሉ? በየአውራጃው የነበሩት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተዘጉ። ቀስር አል-ዓይኒ በዚህ ዙር ተረፈ።

በ1848 ሥልጣን የያዘው የልጅ ልጁ ዐባስ ነው። አያቱ የሠራውን እንደ ወጪ እንጂ እንደ ሀብት አላየውም። ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ክሎት ቤይ ሀገሩ ገባ። የቋንቋዎች ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሸይኽ ሪፋዓ በ1850 «ካርቱም ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤት ክፈት» ተብለው ተላኩ። ሹመት ይመስላል፣ ግዞት ነው። አብረዋቸው ከሄዱት ባልደረቦች ግማሽ ያህሉ እዚያው እንደሞቱ ራሳቸው ጽፈዋል። አስቡት፤ አንድን ተርጓሚ ለማፍራት ፓሪስ ድረስ አምስት ዓመት ተላከ፣ ከዚያ በበረሃ ሙቀት ውስጥ ወባ እንዲበላው ተደረገ። ሪፋዓ በሕይወት የተመለሱት ዐባስ በ1854 ከሞተ በኋላ ነው።

ተተኪው ሰዒድ ደግሞ በመጣበት ዓመት የትምህርት ቤቶችን መሥሪያ ቤት አፈረሰ፣ የምህንድስና ትምህርት ቤቱን ዘጋ። በ1855 ቀስር አል-ዓይኒን ራሱን ዘግቶ ተማሪዎቹን ወደ ጦሩ በተነ። በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ከፈተው፤ ክሎት ቤይም ተመልሶ መጣ። በ1862 የቡላቅን ማተሚያ ቤት ለአንድ ባለሥልጣን በስጦታ ሰጠው። የመንግሥት ማተሚያ ቤት እንደ በግ ተሰጠ እኮ!

ሰዒድ ገንዘብ ስላልነበረው ነው እንዳትሉ። በኅዳር 1854 የሱዌዝን ቦይ የመቆፈር መብት ለፈረንሳዊው ወዳጁ ለደ ለሴፕስ ፈረመለት፤ በኋላም ከኩባንያው አክሲዮን ወደ 44 ከመቶ የሚሆነውን ግብጽ እንድትገዛ አደረገ። የመጀመሪያውን የውጭ ብድርም በ1862 ወሰደ። ለቦዩ ጉልበት ያወጣው በግዴታ የተነዳው ገበሬ ነው። የዚያ ገበሬ ልጅ የሚከተብበት ገንዘብ ግን «ወጪ ይቀነስ» የሚባልበት ነበር።

አሁን የወንድማችንን ጥያቄ እናንሳ። አንድ ዓመት ብቻ ተዘግቶ ቢከፈት ምን ይጎዳል? የዕውቀት ነገር እንደ ሱቅ አይደለም፣ መዝጊያውን ገልብጠህ ከቆመበት አትቀጥልም። ሐኪም ለመሆን ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ በዚህ ዓመት ያልገባ ተማሪ ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ ወረዳ ያልመጣ ሐኪም ነው። በዚያ ጊዜ ማንም «ይህ የ1855 ጥፋት ነው» አይልም። እናትየዋ «የአላህ ቀደር ነው» ብላ ልጇን ትቀብራለች። ቀደር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቀደር መሆኑ ግን ካዝናውን የዘጋውን ሰው ከሒሳብ አያድነውም። ክትባቱም ቢሆን በዚያ ዘመን ከክንድ ወደ ክንድ የሚሄድ ሰንሰለት ነው። ከታቹ ከጠፋና ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ፈሳሹ እንደገና ከሩቅ መምጣት አለበት።

በ1865 ከሐጅ የሚመለሱ ሰዎችን ተከትሎ ኮሌራ በሱዌዝ ገባ። በጥቂት ወራት ግብጽ ውስጥ ወደ 60,000 ሰው ሞተ። ትምህርት ቤቶቹ ባይዘጉ ኖሮ ኮሌራው አይገባም ነበር አንልም፤ መንስኤውን በዚያ ጊዜ የትኛውም መንግሥት በቅጡ አልተረዳውም። ወረርሽኝ ሲገባ ግን የሚለየው፣ የሚቆጥረው፣ የታመመውን የሚያነሳው የሠለጠነ ሰው ነው። እርሱ ደግሞ ወረርሽኙ በገባ ቀን አይሠለጥንም።

ተከፍቶ ሲዘጋ

ከ1863 ጀምሮ የገዛው ኢስማዒል ካዝናውን በሰፊው ከፈተ። ትምህርት ቤቶች ተመለሱ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፣ በ1865 «የዕሱብ አጥ-ጢብ» የሚባል የሕክምና መጽሔት በዐረብኛ ወጣ። የመጽሔቱ መሪ ዶክተር ሙሐመድ ዐሊ አል-በቅሊ ነበሩ። የገበሬ መንደር ልጅ ናቸው፤ በ1832 ከክሎት ቤይ ጋር ፓሪስ ከሄዱት 12 ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በኋላ የቀስር አል-ዓይኒ ኃላፊ ሆኑ። ግብጽ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያፈራችው ምርጥ ፍሬ ማለት እርሳቸው ናቸው።

የት ሞቱ መሰላችሁ? እዚሁ እኛ ዘንድ። ኢስማዒል በ1875 እና በ1876 በአፄ ዮሐንስ ላይ ጦር አዘመተ፤ ጉንደትና ጉራዕ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዶክተር አል-በቅሊ ከጦሩ ጋር ተልከው ነበር፤ በዚያው ዘመቻ በ1876 ሕይወታቸው አለፈ። በበጀት መዝገብ ላይ ይህ የሳይንስ ቅነሳ ተብሎ አይጻፍም። ግን ምን ልዩነት አለው?

በዚያው በ1876 ግብጽ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። አበዳሪዎቹ የሀገሪቱን ገቢ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ካይሮ ላይ አቋቋሙ፤ በ1880 በወጣው ሕግም የመንግሥት ገቢ ግማሽ ያህሉ ለዕዳ ተመደበ። በ1882 እንግሊዝ ገባች። ከ1883 እስከ 1907 ሀገሪቱን በተግባር የገዛው ሎርድ ክሮመር ሒሳብ አዋቂ ሰው ነበር፤ ዕዳው ይከፈላል፣ መስኖው ይስፋፋል፣ ለትምህርት የሚመደበው ግን ከበጀቱ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይደርስም። ቀድሞ ከመንግሥት ይበላና ይለብስ የነበረው ተማሪ አሁን ከፍሎ ይማር ተባለ። የሕክምናው ትምህርት ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ስልሳ ዓመት የተለፋበት የትርጉም ሥራ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የሐኪማዎቹም ትምህርት ቤት ነርሶችና አዋላጆች ወደሚወጡበት ተቋም ዝቅ ተደረገ፤ ራሷ መርምራ ራሷ የምታክም ሴት ቀስ በቀስ ጠፋች።

በ1883 ኮሌራ እንደገና ሲገባ ጀርመን ሮበርት ኮክን፣ ፈረንሳይም የፓስተርን ደቀ መዛሙርት ወደ እስክንድርያ ላኩ። ከፈረንሳዮቹ አንዱ፣ ወጣቱ ልዊ ቱዊዬ፣ እዚያው በኮሌራ ሞተ። ኮክ ወደ ሕንድ ተሻግሮ ተሐዋሲውን ለየ። የሞቱት ግብጻውያን ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱም ግብጽ ውስጥ ከተከፈተ 56 ዓመት ሆኖታል፤ ምርምሩ ግን የሌላ መንግሥት ገንዘብና የሌላ ሀገር ሰው ሥራ ሆነ።

ደም የሸኑት ገበሬዎች

ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው። በ1851 ቀስር አል-ዓይኒ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሬሳ ሲመረምር በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ። የግብጽ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ደም የሚሸናበት ምክንያት ይህ ትል ነበር። ዛሬ በሀገራችንም ቢልሃርዚያ የምንለው በሽታ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ግኝቱ የተገኘው በአሌፖም በበርሊንም አይደለም፣ ሕሙማኑ በተኙበት ቤት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ትሉ ወደ ሰው የሚገባው እንዴት ነው? መልሱ የተገኘው መቼ ነው? በ1915። 64 ዓመት! ያገኘውም ሮበርት ላይፐር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ካይሮ አካባቢ የመጣው የእንግሊዝ ወታደሮች እንዳይያዙ ተብሎ ነበር። ትሉ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ወጥቶ፣ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ እንደሚገባ አሳየ። በእነዚያ 64 ዓመታት ውስጥ መንግሥት ለጥጥ ሲል መስኖውን ዓመት ሙሉ ውኃ እንዲይዝ አድርጎ አስፋፍቶታል፤ የአስዋን ግድብ በ1902 ተጠናቋል። ለቀንድ አውጣው ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ለቦዩ ገንዘብ ነበር፤ በቦዩ ውስጥ የሚቆመው ገበሬ ምን እንደሚይዘው ለማወቅ ግን ገንዘብ አልነበረም። ልጆች እየዋኙ ተያዙ፣ እናቶች ልብስ እያጠቡ ተያዙ፣ ገበሬው ጥጡን እያጠጣ ተያዘ።

እግረ መንገዳችንን፣ የእኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ያንን ታዋቂ ምርምር የጀመረው። እሱም ቢሆን ሥራውን የሚደግፍ ገንዘብና ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ደክሟል። የእንዶድ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ኢንሻአላህ እንመለስበታለን።

ወደ ግብጽ እንመለስ። መንግሥት አልከፍት ሲል ሕዝቡ ራሱ ተነሣ። በ1906 ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም የሚል ጥሪ ቀርቦ መዋጮ ተጀመረ፤ ክሮመር አልወደደውም። የሆነው ሆኖ በታኅሣሥ 1908 ዩኒቨርሲቲው በሕዝብ ገንዘብ ተከፈተ። ቤት ግን አልነበረውም፤ ከተከራየው ወደ ተከራየው ይዞር ነበር። በዚህ ጊዜ የኢስማዒል ልጅ ልዕልት ፋጢማ ለሕንጻው የሚሆን መሬት ሰጠች፤ ሰፊ የእርሻ መሬት ወቅፍ አደረገችለት፤ ለግንባታው ደግሞ የአንገትና የእጅ ጌጦቿን አውልቃ አስረከበች። ቅድመ አያቷ ሙሐመድ ዐሊ ወቅፉን ወደ ካዝና ሲያስገባ የተጀመረው ነገር፣ መቶ ዓመት ዞሮ በእርሷ እጅ ወደ ወቅፍ ተመለሰ።

ሴቶች ግን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከወንዶች እኩል ተመዝግበው ሕክምና መማር የቻሉት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። እነዚያ አሥር ልጃገረዶች ከካይሮ ገበያ ተገዝተው ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ።

ወላሁ አዕለም።